ሳወር ክሬም ባህር ዳር ላይ፦ በቤት እንዴት ይሠራል፣ በምንስ ይተካል?

ደንገል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለችኝ። ሜኑው ላይ ሦስት ነገር ልጨምር አስቤያለሁ፤ ድንች ጥብስ ከማጥቀሻ ጋር፣ ቢፍ ስትሮጋኖፍ (የሩሲያ የሥጋ ምግብ ነው) እና ኬክ። አሠራራቸውን ሳይ ሦስቱም ሳወር ክሬም ይላሉ። እዚህ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም።

በቤት መሥራት ይቻላል? ከተቻለ በየትኛው ወተት? እርጎ ብተካበትስ? ትኩስ ምግብ ውስጥ ሲገባ ይቆራረጣል የሚሉትን እንዴት ነው የምከላከለው? እባካችሁ በደንብ ዘርዝሩልኝ፣ ለደንበኛ የማቀርበው ነገር ስለሆነ በግምት መሥራት አልፈልግም።

የማጀት ሰው

እንኳን ጠየቅሽ እህቴ። መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ፣ የቀረው ቀላል ነው። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፣ ክሬም ሲረጋ ሳወር ክሬም ይሆናል። ልዩነቱ ቅባቱ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ለመሸጥ ቢያንስ 18 በመቶ የወተት ቅባት ሊኖረው ይገባል፤ ተራ ወተት ግን ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ "እርጎ ላይ ሎሚ ጨምቂበት" የሚልሽን አትስሚ። እርጎ ድሮውንም ኮምጣጣ ነው፤ የጎደለው ቅባት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወተቱን ከሚያልቡት ሰዎች በቀጥታ ግዢ። የፋብሪካ ወተት ብዙ ጊዜ ክሬሙ ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ አይሆንሽም። የአገራችን ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ቅባት ይበዛዋል፣ ከፎገራ በኩል ከሚመጡ ሰዎች ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጠሽ ፍሪጅ ውስጥ ሳትነካኪው አሳድሪው። ጠዋት ከላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ወፍራም ነገር ሰፍሮ ታገኛለሽ። በጭልፋ ቀስ ብለሽ ግፈፊው፤ ከ5 ሊትር ጥሩ ወተት ግማሽ ሊትር ግድም ይወጣል።

ክሬሙን በዝግታ አሙቂው። ዳር ዳሩ አረፋ አውጥቶ ሊፈላ ሲል አውርጂና ለብ እስኪል ተይው። ጣትሽን ስትነክሪ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማሽ ልክ ነው። ለግማሽ ሊትር ክሬም ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምረሽ አማስዪ፣ ክደኚ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ክረምት ላይ ሌሊቱን አድሮ እስከ እኩለ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን የባህር ዳርን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ማታ ያስቀመጥሽው ጠዋት ደርሶ ይጠብቅሻል። ዕቃውን ዘንበል ስታደርጊ እንደ ውሃ ካልፈሰሰና በአንድነት ከተንቀጠቀጠ ደርሷል። ያን ጊዜ ቀጠነብኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ፍሪጅ ገብቶ ቅባቱ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይወፍራል።

ታንኳ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ እርሾው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የፋብሪካ ዮገርት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደህና አድርገው የሚሠሩት 42 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ሳወር ክሬም የሚያረጉት ግን በክፍል ሙቀት፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው የሚመቻቸው ሌሎች ናቸው። የቤታችን እርጎ ያለ ምንም ማሞቂያ ጓዳ ውስጥ የሚረጋው እነዚህ ስላሉበት ነው። ስለዚህ ለእርሾ የቤት እርጎ ከዮገርት ይሻላል።

ይሄን ግን በጣም አደራ እላለሁ። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ የብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፤ መኮምጠጡ ብቻ አይገድላቸውም። ክሬሙን አፍልተሽ ስታበቂ ጥሬ እርጎ ብትጨምሪበት የደከምሽበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እርሾሽ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ይሁን። አንዴ ጥሩ ሳወር ክሬም ካወጣሽ በኋላ ከእሱ ሁለት ማንኪያ እያስቀረሽ ለሚቀጥለው መጠቀም ትችያለሽ። የምትመግቢው ሕዝብ ነው፣ እርጉዝም ሕፃንም ይመጣል።

የዘጌ እናት

ልጄ፣ ይሄን ያህል መድከም ለማትችይበት ቀን ሌላ መንገድ አለ። እርጎ ሲረጋ ከላይ የሚሰፍረው ስልባቦት አለ አይደል፣ ቅቤ ሳይናጥ ልጆች በጣታቸው እየሰረቁ የሚልሱት? እሱን ግፈፊና ንጹሕ ሻሽ ላይ አድርገሽ ቋጥረሽ ስቀዪው። አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ ይውረድ። ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ካቆየሽው ይደርቃል። በማንኪያ መታ መታ አድርጊው፣ ጨው ጣል አድርጊበት። የምትሉት ሳወር ክሬም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ዕቃውን ግን ልብ በይ። እኛ ቅሉን በወይራ ወይም በጥንጁት አጥነን ነው ወተት የምናስቀምጠው። ያ ጢስ ለሥጋና ለድንች ማለፊያ ነው፣ ያጣፍጠዋል። ለኬክ የሚሆነውን ግን ባልታጠነ ዕቃ ለብቻ አርጊው፣ የጢስ ሽታ ያለው ኬክ ማንም አይበላልሽም።

ደንገል (ጠያቂ)

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የጢሱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ታንኳ ያልከውን ይዣለሁ፣ እርሾውን ከፈላ ወተት ነው የማደርገው። አሁን የቀረኝ የመቆራረጡ ነገር ነው። ስትሮጋኖፉን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

የድሮው ፖሊ

ይሄን እኔ ልመልስ። ፖሊ፣ ማለት የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ መቋቋሙን ታውቃላችሁ፤ በኋላም ብዙዎቻችን ለትምህርት ወደዚያው ሄደናል። እዚያ ሳወር ክሬሙ ስሜታና ይባላል፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ ቅባት ያለው በየደረጃው ይሸጣል። የማይገባበት ምግብ የለም። ቀይ ሥር ሾርባው ላይ አንድ ማንኪያ፣ ብሊኒ በሚሉት ስስ ቂጣ ላይ፣ ሥጋ በተሞላው ፔልሜኒ ላይ፣ የቲማቲምና የኪያር ሰላጣ ላይ ሳይቀር።

ለምን እንደሚቆራረጥ ለመረዳት የራሳችንን አይብ ማሰብ ይበቃል። ቅቤው ወጥቶለት የቀረውን አሬራ እሳት ላይ ስናደርገው አይቡ ለብቻ፣ አጓቱ ለብቻ ይሆናል። ኮምጣጣ ወተትና ሙቀት ሲገናኙ ፕሮቲኑ ይሰባሰባል፤ ስትሮጋኖፍ ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ቅባት ሲበዛ ፕሮቲኑ እንዳይሰባሰብ ያግዳል፤ ለዚህ ነው 30 በመቶ ቅባት ያለው ክሬም እሳት የሚችለው፣ ቀጭን እርጎ ግን ወዲያው የሚበጣጠሰው። ዱቄትም ይረዳል።

ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ይሄን አድርጊ። ለስላሳ ሥጋ፣ ፍሪምባ ሳይሆን ሽንጥ ወይም ፊሌቶ፣ በቀጫጭኑ ርዝመቱን ቁረጪ። መጥበሻው በጣም ግሎ፣ ሥጋው በሁለትና በሦስት ዙር ቶሎ ቶሎ ይጠበስ፤ አንዴ ከከመርሽው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አውጪው። በዚያው መጥበሻ ሽንኩርትና እንጉዳይ ቁላዪ። እንጉዳዩ ከሌለ ሽንኩርቱን አብዢ፣ ችግር የለውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሺበት፣ አማስዪ፣ አንድ ኩባያ የሥጋ መረቅ ጨምሪ። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ይግባበት፤ የራሳችን የጾም ሰናፍጭ ይሆናል፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ካልሆነ።

አሁን ዋናው። ሳወር ክሬሙ ከፍሪጅ ወጥቶ ብርዱ ይልቀቀው። አንድ ኩባያ ያህሉን ሰሃን ውስጥ አድርጊ፣ ከትኩሱ መረቅ ሁለት ሦስት ጭልፋ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ በጥብጪው፣ ይላመድ። ሥጋውን መልሰሽ መጥበሻውን ከእሳት አውርጂ። ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ዳግመኛ አታንተክትኪው። ደንበኛ ሲመጣ ለማሞቅ ከፈለግሽ ሥጋውንና መረቁን ለብቻ አስቀምጪና ክሬሙን ሰሃን ሰሃኑን ስታወጪ ጨምሪ። ምግብ ቤት ስለሆንሽ ይሄኛው ይሻልሻል።

ደንገል (ጠያቂ)

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ! አሬራውን ሲያነሱልኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ቀረሶ በሎሚ

ሐይቅ ዳር ሆነሽ ዓሣውን መርሳት የለም እንጂ! ድንቹ ላይ ብቻ አትቁሚ። የተጠበሰ ቀረሶ ላይ ቀዝቃዛ ሳወር ክሬም ማለፊያ ነው። አንድ ኩባያ ሳወር ክሬም፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተጨቅጭቆ፣ ፍሬው የወጣ ቃሪያ በደቃቁ፣ ጥቂት የእንስላል ቅጠል፣ ጨው። ቀላቅለሽ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይዋሃደዋል። እሳት ስለማይነካው የመቆራረጥ ጣጣም የለበትም። አምባዛ ጥብስ ላይም ይሄዳል፣ አምባዛ ራሱ ቅባት ስላለው ግን ሎሚውን ጨመር አድርጊ።

ለድንቹ ደግሞ ሁለት ዓይነት አቅርቢ። አንዱ በሚጥሚጣና በጨው፣ ሌላው በቆጭቆጫ። አዋዜም ይሆናል፣ ግን ቀለሙ ደስ የሚል ሮዝ እስኪሆን ብቻ ጣል አድርጊ፣ ከበዛ ክሬሙ ጣዕሙ ይጠፋል። ማዮኔዝ ከመግዛትም ይገላግልሻል።

ጋጋሪዋ

ኬኩ ላይ እኔ አለሁ። ሳወር ክሬም ኬክ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቅባቱ ኬኩን ለስላሳና እርጥብ ያደርገዋል፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ አየር ፈጥሮ ያስነሳዋል። ለአንድ ኩባያ ሳወር ክሬም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል። ሶዳው ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሊጡ ከተቀላቀለ በኋላ ሳይቆይ ምድጃ ይግባ፤ አየሩ መውጣት የሚጀምረው ወዲያው ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ከፍታው ነው። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፈረንጅ አሠራር ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ፣ እንዳለ ከወሰድሽው ኬኩ ቶሎ ተነስቶ መሐሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደር ካለበት ሩቡን ያህል ቀንሺ፣ ስኳሩንም ትንሽ ቀነስ፣ ሳወር ክሬሙን አትንኪው። እዚህ ሊጥ ቶሎ ስለሚደርቅ እርጥበቱ ያስፈልግሻል። እርጎ መተካት ካለብሽ የተጠለለ ይሁን፣ ለአንድ ኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤ ጨምሪበት። የተነጠረ ቅቤ ግን በጭራሽ፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ኬክ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ሐመልማል

እኔ መልስ የለኝም፣ ጥያቄ ልጨምር። ረቡዕና ዓርብ ድንቹን ለጾመኛ በምን ታቀርቢዋለሽ? የጾም የሚሆን አለ?

ቀረሶ በሎሚ

አቮካዶ። በደንብ የበሰለ አቮካዶ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ፣ በመፍጫ ይመታ። ሳወር ክሬም ነው ብለሽ ግን አትሽጪው፣ "የአቮካዶ ማጥቀሻ" በይው፣ ጾመኛው ልቡ ይረፍ። ለጾሙ ቀን ዕቃውንም ማንኪያውንም ለዪ።

ደንገል (ጠያቂ)

ሁለት የመጨረሻ ጥያቄ። ስንት ቀን ይቆይልኛል? መብራት ሲጠፋስ? ክሬሙ የተገፈፈለትን ወተትስ ምን ላድርገው፣ 4 ሊትር ተኩል ያህል ይተርፈኛል ማለት ነው።

የማጀት ሰው

ንጹሕ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ከገባ አንድ ሳምንት። ከላይ ውሃ ቢቋጥር አትደንግጪ፣ አጓቱ ነው፣ መልሰሽ አማስዪው። ሻጋታ ካየሽ ግን ከላይ ጠርጌ ልጠቀመው አይባልም፣ ሁሉም ይደፋ። ባደረ ማንኪያ አትንኪው። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ሲቀልጥ ይለያያል፤ ማጥቀሻ አይሆንም፣ ለኬክ ግን ይሆናል። መብራቱ ላይ ዋስትና ስለሌለ ለሦስት ቀን የሚበቃሽን ብቻ እያዘጋጀሽ ሂጂ። ሲጠፋም ፍሪጁን አትክፈቺው፣ ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን ለደንበኛ አታውጪው።

ወተቱ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ እንዳትደፊው። አፍልተሽ ግማሹን ለማኪያቶና ለሻይ ተጠቀሚበት፣ የቀረውን በዚያው እርሾ አርጊውና አሙቀሽ አይብ አውጪው። ቅባቱ ስለተነሳለት አይቡ ደረቅ ያለ ይሆናል፣ ለጎመን በአይብ ጥሩ ነው። ከአይቡ የሚወርደውን አጓት ደግሞ ዳቦ ስትጋግሪ በውሃ ፋንታ አቡኪበት።