የሳልሞን ጫጩት ወፈረ ማለት ይተርፋል ማለት ነው እንዴ?

የዳንግላዋ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋላችሁ። ባህርዳር ነው ምማረው፣ አሳ ነው ማጠናው (አዎ አሳም ይጠናል፣ እናቴ ራሷ ለጎረቤት ስትናገር "ያው የግብርና ነገር ነው" ብላ ነው ምታልፈው 😂)። ለሴሚናር የደረሰኝ ርእስ ስለ ሳልሞን ጫጩት ነው፣ ሳልሞን ደሞ በስልክ ካልሆነ አይቼው አላውቅም። ጅረቱ ላይ ንጥረ ነገር ሲበዛ፣ ናይትሮጅን ፎስፈረስ ምናምን፣ ጫጩቶቹ ለርዝመታቸው ከበድ ይላሉ፣ ኬ የሚባለው ቁጥር ከፍ ይላል (ክብደቱ በግራም፣ ለርዝመቱ ኪዩብ በሴንቲሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ማለት ነው)፣ እሺ እስከዚህ ገብቶኛል። ከዛ ግን "ስለዚ ብዙዎቹ ይተርፋሉ" ብዬ ልጽፍ ስል አንዱ ጽሁፍ አዎ ይላል፣ ሌላው ልዩነት የለውም ይላል፣ ጭራሽ ወደ ባህር ሊወርዱ ሲሉ ይከሳሉ የሚልም አለ። የወፈረ ለምን አይተርፍም? አማካሪዬ ደሞ ከጣና ነጭ አሳ ጋር አያይዢው ብለውኛል፣ ይያያዛል?

ቆጋ ዳር
እህቴ ምኑ ነው ግራ ያጋባሽ፣ የጠገበ ይኖራል የራበው ይሞታል በቃ። እኛ መራዊ ኩሬ ቆፍረን ቀረሶ ስናረባ ፍግ እንጨምርበታለን፣ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን አሳው ይደልባል። ወንዙም ላይ ዩሪያ መበተን ነው 😂 (ቀልዴን ነው፣ ዩሪያማ ለበቆሎውም አልተገኘ)

አቸፈሬው በስደት
ቆጋ ዳር ወንድሜ ኩሬና ወንዝ ለየቅል ናቸው።

እኔ ምኖረው ዋሽንግተን ስቴት ነው፣ ዲሲ አይደለም በሌላኛው ጫፍ ያለው፣ ስራዬም የሳልሞን ጫጩት ይዞ መለካትና መልቀቅ ስለሆነ ትንሽ ልዘላብድ። መጀመሪያ ንጥረ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ካልያዝሽ ሌላው አይገባሽም። የፓስፊክ ሳልሞን ከክብደቱ ከ95 በመቶ በላይ የሚያወጣው ባህር ላይ በልቶ ነው፣ ከዛ የተፈለፈለበት ወንዝ ድረስ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥልና እዛው ይሞታል። ሬሳው ይበሰብሳል፣ አልጌው (ውሃ ውስጥ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴው ነገር) በሱ ይበቅላል፣ ነፍሳቱ አልጌውን ይበላሉ፣ ጫጩቱ ነፍሳቱን ይበላል፣ ይሄ ረጅሙ መንገድ ነው። አጭሩ ደሞ ጫጩቱ ራሱ የፈሰሰውን እንቁላልና የሬሳውን ስጋ ይለቅማል፣ ኮሆ የሚባለው ዝርያ ላይ በዚህ ምክንያት ኬ ከፍ እንደሚል በደንብ ታይቷል። እዚህ ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ ድሮ በዓመት ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን ሳልሞን ይገባበት ነበር ተብሎ ይገመታል፣ አሁን የዛ ቁራጭ ነው፣ ስለዚ ላይኞቹ ጅረቶች ድሮ በየዓመቱ ፍግ ሲደፋበት ኖሮ የተተወ ጓሮ ሆነው ቀሩ ማለት ነው። ለዛ ነው ሰዎቹ የሳልሞን ሬሳ በመኪና ጭነው ጅረት ውስጥ ሚጥሉት፣ ወይ ከአሳ የተሰራ እንክብል ሚበትኑት። የቆጋ ዳር ቀልድ ራሱ ቀልድ አይደለም፣ ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ላይ ኪዮ በሚባለው ወንዝ በነሱ 1980ዎቹ ማዳበሪያ ጨምረውበት ጫጩቶቹ በግልጽ ከበድ ብለዋል። ጫካው ጥላ የጣለበት ጅረት ላይ ግን ማዳበሪያ ብትጨምሪ ብርሃን ስለሌለ አልጌው እምቢ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ መትረፉ። ስብ ያለው ጫጩት ክረምቱን ይሻገራል የሚለው ውሸት አይደለም (የነሱ ክረምት ብርዱ ነው)። ችግሩ ኬን ምትለኪው ተርፎ መረብሽ ውስጥ የገባው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። እስቲ ዶሮ አስቢ። እናትሽ ቤት 12 ጫጩት ተፈለፈለ፣ ደካማ ደካማውን ብርዱና ጭልፊቱ ወሰደው 5 ቀረ። ጎረቤት ደሞ ጥሬው ሞልቶ 12ቱም ዳኑ፣ ከነሱ ውስጥ ግን አራት ኮስማና አለ። አሁን እንግዳ መጥቶ ሁለቱንም ቤት ቢመዝን በአማካይ የሚከብደው የናንተ ነው! እና ጥሩ ጅረት አንዳንዴ ደካማውንም ስለሚያቆይ ኬው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ የተረፈው ሲበዛ ደሞ በምግቡ ይሻማሉ፣ ጭማሪው ቁጥራቸው ላይ እንጂ ውፍረታቸው ላይ አይታይም።

ሊወርዱ ሲሉ ይከሳሉ ያልሽው ትክክል ነው። ለባህር ሲዘጋጅ ገላው ብር ይመስላል፣ ይረዝማል፣ ሰልከክ ይላል፣ ኬው ይወርዳል። አልታመመም፣ ለመንገድ እየተዘጋጀ ነው። ስለዚ ቅጠል ሲረግፍ የተለካውን ጫጩት በጸደይ ሊወርድ ካለው ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ የደረደረ ጽሁፍ ካየሽ ጠርጥሪው።

ቆጋ ዳር
የዶሮዋ ነገር አሳቀችኝ ግን ገባኝ። እኔም ልጨምር፣ አባቴ በሬ ነጋዴ ነበር፣ ገበያ ሲወጣ ክብደቱን አያምንም፣ ሻኛውን ይዳብሳል ጎድኑን በጣቱ ይቆጥራል። ለምን ብትይ አንዳንዱ ሻጭ ማታ አሞሌ አልሶ ጠዋት ውሃ ያጠጣዋል፣ በሬው ሆዱ ተነፍቶ ድልብ መስሎ ይመጣል፣ ገዝተህ ቤት ስታደርሰው አጥንት። አሳም እንደዚ ያታልላል እንዴ?

አቸፈሬው በስደት
አባትህ ሳይንቲስት ነበሩ። አሳ ሲራብ ስቡ ባለቀበት ቦታ ውሃ ይተካል፣ ሚዛኑ ላይ ብዙም ሳይቀንስ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ለዛ ነው ጠንቀቅ ያሉት አድርቀው ስቡን ራሱን ሚለኩት። ሆዱ ሙሉ ሆኖ የተመዘነም ያው ነው፣ እንቁላል ጠግቦ የመጣ ጫጩት ላንድ ቀን ጀግና ነው 😂

የዳንግላዋ እህቴ ርዝመት ላይ ደሞ ተጠንቀቂ። 6 ሴንቲ ሆኖ 2.2 ግራም የሚመዝን ጫጩት ኬው 1.02 ነው፣ በስህተት 6.2 ብለሽ ካነበብሽ 0.92 ይሆናል። 2 ሚሊሜትር ጤነኛውን ከሲታ አደረገችው። እስከ ጭራው ጫፍ ነው ወይስ እስከ ሹካው (ጭራው ለሁለት የሚከፈልበት መሃሉ) ሚለውም አንድ አይነት ይሁን።

የታንኳ አባት
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ሳልሞኑን አላውቀውም፣ ነጩን አሳ ግን 30 ዓመት ይዤዋለሁ። ነሐሴ ላይ ግልገል አባይ ሲደፈርስ እናቶቹ ተግተልትለው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ጠጠር ያለው ጥርት ያለ ገባር ይፈልጋሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፣ ያለፉትን ደሞ ላይ ብርብራ (አሳ የሚያደነዝዘውን የዛፍ ፍሬ) ወቅጦ የሚያፈስባቸው አለ። እኔም ድሮ አፉ ላይ ዘርግቻለሁ፣ አልዋሽም። ጫጩቱ በኋላ ወርዶ ሐይቁ ዳር ሣሩና ደንገሉ ውስጥ ይሸሸጋል። አሁን እዛ ስገባ ቀጫጫ ወይ ወፍራም ብዬ አይደለም ምገረመው፣ አለመኖሩ ነው። ልጄ መጀመሪያ እናቲቱ ትውጣ፣ ውፍረቱ ከዛ በኋላ ነው።

የዳንግላዋ
አባቴ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት በቁጥርም አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ አሳዎች 75 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፣ በሞተር ጀልባ የሚጣለው መረብ 1986 ከገባ በኋላ ማለት ነው። አቸፈሬው ግን ነጭ አሳ እንቁላል ጥሎ አይሞትም እኮ፣ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ታዲያ የሬሳው ማዳበሪያ ታሪክ እኛ ጋ አይሰራም አይደል?

አቸፈሬው በስደት
አይሰራም፣ እሱን በግልጽ ጻፊው። እዛ ንጥረ ነገሩ ሽቅብ አይመጣም፣ ከሰከላ ከአቸፈር ከሜጫ ማሳ ታጥቦ ቁልቁል የሚሄድ አፈር ነው። አፈሩ ፎስፈረስ ይዞ ቢመጣም ውሃውን ያጨልመዋል፣ ብርሃን ካልገባ አልጌው ከየት ይመጣል፣ ባንዳንዱ ዳር ደሞ ለአሳው ሳይደርስ እምቦጭ ይጠጣዋል። የመጣው ንጥረ ነገር ሁሉ የአሳ ምግብ አይሆንም። በነገራችን ላይ ጫጩት ለክተሻል እንዴ ወይስ ንባብ ብቻ ነው?

የዳንግላዋ
ባለፈው ጥቅምት የተያዙ 60 የነጭ አሳ ጫጩቶች አሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት ነው የለካኋቸው፣ እስከዛ ፎርማሊን (እንዳይበሰብሱ የሚያቆያቸው ፈሳሽ) ውስጥ ነበሩ። የሳልሞኑ ኬ ጎን አስቀምጬ ቆንጆ ግራፍ ሰርቻለሁ 🙈

አቸፈሬው በስደት
ወይኔ እህቴ። ፎርማሊን ርዝመቱን ያሳጥራል ክብደቱንም ይቀይራል። አንድ ላይ የከረሙትን እርስ በርስ አወዳድሪያቸው፣ ከሳልሞን ጎን ግን አውጫቸው። ትኩስ ቢሆኑም አይሆንም ነበር፣ ቅርጻቸው ሌላ ነው፣ የአንዱ ዝርያ 1.0 ለሌላው ረሃብ ሊሆን ይችላል።

የዳንግላዋ
ግማሹ ሴሚናሬ እሱ ግራፍ ነበር 😭

የታንኳ አባት
አይዞሽ ልጄ፣ ጥቅምት ላይ ነይ በታንኳ አስገባሻለሁ፣ ትኩሱን ለክተሽ ትመልሺዋለሽ። ሚዛኑን ግን አንቺ አምጪ፣ የኔው ከግማሽ ኪሎ በታች አያውቅም።