በኤክስኤምኤም-ኒውተን ፒኤን ካሜራ «ክሎዝድ» እና «ካልክሎዝድ» ኤክስፖዠሮችን ለባክግራውንድ መደመር ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የያዝኩት የጋላክሲ ክላስተር የፒኤንን (የኤክስኤምኤም-ኒውተን ኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕ አንዱ ካሜራ) እይታ ከሞላ ጎደል ስለሚሸፍነው ባክግራውንድ (ከክላስተሩ ያልመጣ፣ መቀነስ ያለበት ምልክት) የምወስድበት ባዶ ሰማይ የለም። ስለዚህ ፊልተር ዊሉ (ከካሜራው ፊት የሚዞረው የማጣሪያ ጎማ) ተዘግቶ የተወሰዱ ኤክስፖዠሮችን (ቀረጻዎችን) ከአርካይቩ አወረድኩ። አንዳንዱ «ክሎዝድ»፣ አንዳንዱ «ካልክሎዝድ» ይላል። ሁለቱንም ደምሬ ከክላስተሩ ስቀንስ ስፔክትረሙ (የኤክስሬዩ ብዛት በየኢነርጂው) 1.5 እና 5.9 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ 1፦
ካልክሎዝዶቹን በሙሉ ያውጧቸው። ሰማዩ በሁለቱም ተዘግቷል፤ በካልክሎዝድ ግን ካሜራው ውስጥ ያለው የብረት-55 (ራዲዮአክቲቭ ብረት) ምንጭ በሲሲዲው (ኤክስሬዩን በሚቀበለው ቺፕ) ላይ ያበራል። ከእሱ የማንጋኒዝ መስመሮች (በቋሚ ኢነርጂ የሚወጡ ኤክስሬዮች) 5.9 እና 6.5 ላይ፣ የአሉሚኒየም ደግሞ 1.49 ላይ ይወጣሉ። ከክላስተርዎ የተቀነሱት እነዚህ ናቸው።

የካልክሎዝድ ሥራ የኢነርጂ ስኬሉን (ካሜራው የሚለካው ኢነርጂ ትክክል መሆኑን) መጠበቅ ነው። ጨረር ሲሲዲውን በጎዳው ቁጥር ቻርጁ ከፒክስል ወደ ፒክስል ሲተላለፍ ጥቂት ጥቂት ይጎድላል፤ ከማንበቢያው በራቀ ረድፍ ላይ ይብሳል። የመስመሮቹ ትክክለኛ ቦታ ስለሚታወቅ፣ በየረድፉ ምን ያህል ወደ ታች እንደተንሸራተቱና እንደሰፉ ይለካል። ሞስ የተባሉት የዚያው ቴሌስኮፕ ሌሎች ካሜራዎች በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ−100 ወደ −120 ዲግሪ ሴልሺየስ የወረዱት የዚህን ጉዳት ውጤት ለመቀነስ ነው።

የብረት-55 ግማሽ ዕድሜ 2.7 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሳተላይቱ ከመጠቀበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምንጩ ብርታት ከ500 እጥፍ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ኤክስፖዠሮች በየረድፉ የሚገኘው ካውንት (የተቆጠረ ኤክስሬይ) በጣም ትንሽ ነው።

መልስ 2፦
ክሎዝዱን ሲጠቀሙ በመጀመሪያ ሞዱ (ካሜራው የሚነበብበት ስልት) ከክላስተሩ ዳታ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ፒኤን መዝጊያ ስለሌለው ፍሬሙ በሚነበብበት ጊዜም ኤክስሬይ ይቀበላል፤ በዚህ መንገድ ቦታቸው የሚሳሳት ካውንቶች በፉል ፍሬም ሞድ 6.3 በመቶ፣ በኤክስቴንድድ ፉል ፍሬም ሞድ 2.3 በመቶ ናቸው። ፓተርኑ (አንድ ኤክስሬይ ያረፈባቸው ፒክስሎች ቅርጽ ቁጥር፤ ለፒኤን እስከ 4) እና ፍላጉ (የጥራት ምልክቱ) በክላስተሩም በክሎዝዱም ፋይል አንድ ይሁን። ዓመቱም ይቀራረብ፤ ፀሐይ ስትነቃ ኮስሚክ ጨረሩ ይቀንሳል፣ ባክግራውንዱም አብሮ ይወርዳል።

በኤክስፖዠር ጊዜ ብቻ አያመጣጥኑ። መስታወቶቹ ኤክስሬይ ወደማያደርሱበት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ሄደው የክላስተሩን ካውንት ሬት (ካውንት በሰከንድ) ለክሎዝዱ ያካፍሉ፤ የክሎዝዱ ማባዣ ያ ነው።

ጥያቄ (ተጨማሪ)፦
አመሰግናለሁ፣ 5.9 ላይ የነበረው ተስተካከለ። 8 አካባቢ ግን አሁንም ከዜሮ በታች ነው። የክላስተሩ ስፔክትረም ከካሜራው መሃል፣ ክሎዝዱ ከመላው ዲቴክተር የተወሰደ ነው።

መልስ 3፦
ችግሩ እሱ ነው። 8.05 ላይ ያለው መስመር ቅንጣቶች ከሲሲዲው ጀርባ ባለው የሰርኪት ቦርድ መዳብ ላይ ሲያርፉ የሚወጣ ነው፤ አጠገቡ ኒኬል 7.5፣ ዚንክ 8.6 ላይ አሉ። ቦርዱ መሃሉ ክፍት ስለሆነ የመዳብ መስመሩ በእይታው መሃል የለም ማለት ይቻላል፤ ዙሪያው ላይ ግን ደማቅ ነው። ክሎዝዱን በመዳብ መስመር ብቻ ምስል ቢሠሩለት ጨለማው ቀዳዳ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ክሎዝዱን በሰማይ ሳይሆን በዲቴክተር ኮኦርዲኔት (በካሜራው ላይ ባለው ቦታ)፣ ክላስተሩን ከወሰዱበት ከዚያው ክልል ይውሰዱ።

ክልሉ ተስተካክሎም ችግሩ ካልጠፋ፣ ሶፍት ፕሮቶን (ዝቅተኛ ኢነርጂ ያላቸውን የጠፈር ፕሮቶኖች) ይጠርጥሩ። ፕሮቶኖቹ የሚገቡት በመስታወቶቹ በኩል ስለሆነ የተዘጋ ዊል ያስቀራቸዋል፤ ክሎዝድ ውስጥ አይገኙም። በክላስተሩ ዳታ ውስጥ ከቀሩ ግን ከ12 እስከ 14 ያለውን ካውንት ያሳብጡታል፣ ማባዣው ይበዛል፣ መስመሮቹም ከልክ በላይ ይቀነሳሉ። ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት፣ ፓተርን 0 ብቻ ይዘው በ100 ሰከንድ ቢን (ክፍልፋይ) ላይት ከርቭ (ካውንት በጊዜ የሚያሳይ ግራፍ) ይሥሩ፤ በሰከንድ ከ0.4 ካውንት በላይ የሆነውን ጊዜ ቆርጠው ማባዣውን እንደገና ያስሉ። ለሚተርፈው ፕሮቶን ስፔክትረሙን ፊት ሲያደርጉ (ከሞዴል ጋር ሲያገጣጥሙ) ፓወር ሎው የተባለውን ቀላል ሞዴል ይጨምሩ፤ በመስታወቱ ኤአርኤፍ (ኤክስሬይ የመሰብሰብ አቅሙን በየኢነርጂው በሚገልጸው ፋይል) ግን እንዳይባዛ።