«ቀበቶ እሰሩ» ሲባል ትክክለኛው አስተሳሰር የቱ ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ውስጥ «ቀበቶ እሰሩ» ሲባል ሁሉም ቀጭ አድርጎ ይቀመጣል። በትክክል መታሰሩን በምን ማወቅ ይቻላል? የኔ አንገቴን ስለሚቆርጠኝ በብብቴ ሥር ነው የማሳልፈው። አንዳንዴም ስስበው ድርቅ ይላል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለሷስ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ በብብት ሥር ማሳለፉን ከዛሬ ጀምሮ ተው። ግጭት ሲደርስ ኃይሉ ጎድን ላይ ያርፋል፤ ጎድን ይሰበራል፣ ከሥሩ ያሉት ጉበትና ጣፊያም ይጎዳሉ። ቀበቶ ሰውን የሚያድነው ጠንካራ አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው።

መጀመሪያ ወገብህን ከመደገፊያው ጋር አጣብቀህ ተቀመጥ። የታችኛው ክፍል ከሆድ ወርዶ ዳሌ አጥንት ላይ፣ ጭንህን እየነካ ይለፍ፤ የላይኛው በትከሻህ መሀል አልፎ ደረትህን ያቋርጥ። ምላሱ (ማሰሪያው ውስጥ የሚገባው ብረት) ቀጭ ካለ በኋላ የላይኛውን ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ጭንህ ላይ የላላውን አጥብቅ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይቺን ነው። ከተጠማዘዘ አቃናው። ወፍራም ጃኬት ይውለቅ፤ በግጭት ሰዓት ጃኬቱ ይታመቅና ቀበቶው ልል ሆኖ ይገኛል።

አንገትህን የሚቆርጥህ ከሆነ በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ማስተካከያ ዝቅ አድርገው። ማስተካከያ ከሌለው ወንበሩን ከፍ አድርግ። ቀበቶውን የሚያላላ መቆንጠጫ (ክሊፕ) ግን እንዳታስገባበት።

መልስ 2
ድርቅ የሚለው በኃይል ስትስበው ወይም መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ከሆነ ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው። ትንሽ መልሰህ ቀስ ብለህ ሳበው። ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ስትስበውም ከያዘ ግን መጠቅለያው (ቀበቶውን ወደ ውስጥ የሚጠቀልለው ክፍል) ይታይ።

ቀስ እያለ የሚጠቀለል ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። ሙሉውን ስበህ አውጣና በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ጥረገው፣ ሳይደርቅ አትመልሰው። በረኪና ክሩን ያደክመዋል፣ ዘይትም አይነካው። መጠቅለያውን ራስህ አትፍታ፤ በብዙ መኪኖች ውስጥ በግጭት ሰዓት ቀበቶውን የሚያጠብቅ ፈንጂ አለበት። እሱ አንዴ ከፈነዳ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

መልስ 3
ለባለቤትህ፦ የታችኛው ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መሀል አልፎ በሆዷ ጎን ይውረድ። በፍጹም ሆዷ ላይ እንዳያርፍ። የምትነዳ ከሆነ በደረቷና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። የ7 ዓመቱ ልጄስ በአዋቂ ቀበቶ ይሆናል?

መልስ 3
ዕድሜውን ሳይሆን ቁመቱን እይ። 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ የልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ የታችኛው ቀበቶ ሆዱ ላይ ይወጣል። ጀርባው መደገፊያውን ነክቶ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ደርሷል። በኋላ ወንበር ይቀመጥ።