አሴቶን መጽሐፉ ላይ 56፣ እኔ ጋ 50 ላይ ፈላ! ለምን?

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ላብ ውስጥ አሴቶን (ኩቴክስ ማስለቀቂያው ፈሳሽ) ዲስቲል አደረግን፤ ማለትም አፍልተን እንፋሎቱን አቀዝቅዘን መልሰን ፈሳሽ አደረግነው። መጽሐፉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል ይላል። የኔ ቴርሞሜትር ግን 50 ላይ ቆመ፣ ፍላስኩ ሊያልቅ እስኪል ድረስ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ «አሴቶንህ ንጹህ አይደለም» ብሎ ማርክ ቀነሰብኝ። ጠርሙሱ አዲስ ነው፣ ዓይኔ እያየ ነው የተከፈተው። ምን አጥፍቼ ነው?

የላብ ቴክኒሻን፣ ደሴ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። 56 የሚባለው በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፈሳሹን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ እኛ ጋ ደሴ ብትሠራው ደግሞ 48 ገደማ ላይ ታገኘዋለህ። ንፍሮ የሚቀቅል ሁሉ ያውቀዋል፣ ደሴ ላይ ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ባቄላው አልበስል ይላል። እንዲያውም ቴርሞሜትሩ አንድ ቦታ መቆየቱ ጥሩ ምልክት ነው። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄድ ነበር።

ባትጠይቀኝም ልናገር፣ በምንድን ነው ያሞቃችሁት? በእሳት ከሆነ ተዉት! የአሴቶን እንፋሎት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት ይይዛል፤ ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ጠረጴዛውን ይዞ እየተሳበ ራቅ ያለ ክብሪት ጋ ይደርሳል። ፍላስኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ኮምቦልቻ፦
ልክ ነው፣ ግን ቴርሞሜትሩንም ፈትሸው። ውሃ አፍላና ለካ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃም ከ100 በታች ስለሚፈላ 94 አካባቢ ካሳየህ ደህና ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ከፍታውን ጻፍና ለመምህርህ በአክብሮት አስረዳው። ደግሞ አሴቶን በሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ እንዳትቀዳ። አንዷ ተማሪዬ ቀድታ የኩባያው ቂጥ እንደ ማስቲካ ልፍስፍስ ብሎ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ኩቴክስ የሚያስለቅቀውም ይኸው ማሟሟቱ ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን ለዕቃ ማድረቂያ ነው፤ የታጠበ ቢከር በትንሽ አሴቶን ሲለቀለቅ ውሃውን ይዞት ይወጣና ወዲያው ይደርቃል።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ያሞቅነው በሙቅ ውሃ ነው። አሁን ውሃ አፍልቼ ለካሁ፣ 94 ላይ ቆመ። ሰኞ ወረቀቴን ይዤ ቢሮው እሄዳለሁ።