ልጄ ከተገረዘ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር አየሁ

ጥያቄ (የበኩር እናት)፦
ሰላም እናቶች። ልጄ በስምንተኛው ቀኑ ተገረዘ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ዳይፐሩን ስከፍት ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ይዟል። መግል መስሎኝ ክው አልኩ። ሲሸና ያለቅሳል። አማቴ ለጋ ቅቤ ቀቢው ይሉኛል፣ እኔ ግን ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ (የሦስት ወንዶች እናት)፦
አይዞሽ እህቴ። ስስ ቢጫ ሽፋን ከሆነና ካልሸተተ እየዳነ ነው ማለት ነው። ብቻ እንዳትነኪው! እኔ በመጀመሪያው ልጄ መግል ነው ብዬ በጥጥ ስጠርገው አደማሁት፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። በራሱ ጊዜ ይለቃል። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር ንጹሕ ጎዝ ላይ ቫዝሊን በደንብ ቀብተሽ ጫፉ ላይ ጣል አድርጊበት። ቁስሉ ከዳይፐሩ ጋር አይጣበቅም፣ ሲሸናም ያን ያህል አያቃጥለውም። ዳይፐሩንም ላላ አድርጊለት።

መልስ (የሕፃናት ክፍል ነርስ)፦
ቅቤው ይቅር። አማትሽ በደግ አስበው ነው፣ ግን ክፍት ቁስል ላይ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ፓውደርና አልኮልም አታድርጊ። ሰገራ ከነካው ለብ ባለ ውኃ አፍስሰሽ እጠቢው፣ ሳታሺ አድርቂው። ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይድናል። የተገረዘው ጫፉ ላይ በሚቀር የፕላስቲክ ቀለበት ከሆነ፣ ቀለበቱ ራሱ ይወድቃል፣ አትጎትቺው።

ዳይፐር ላይ ጠብታ ደም ብታዪ አትደንግጪ። መድማቱን ከቀጠለ በንጹሕ ጎዝ 10 ደቂቃ ሳትለቂ ጫን አድርገሽ ያዢው። ካልቆመ ሐኪም ቤት ሂጂ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ለ8 ሰዓት ካልሸና፣ ቅላቱና እብጠቱ ከባሰ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣም ሌሊት ነው ብለሽ እንዳታሳድሪው። ማስታገሻ ሐኪም ሳያዝ ለአራስ አይሰጥም። ጡት ስጪው፣ እሱ ያረጋጋዋል።

መልስ (ከጂዳ)፦
የኔ በ5 ዓመቱ ነው የተገረዘው። ለትልቅ ልጅ ሱሪው ነው ጠላቱ። ሳምንቱን ሙሉ ሰፊ ጀለቢያ ብቻ አለበስኩት። ሽንቱን ፈርቶ ሲይዝ ብዙ ውኃ አጠጣሁት፣ ሽንቱ ሲቀጥን ማቃጠሉም ቀነሰለት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለበት የለውም። ቫዝሊኑን አደረግኩለት፣ አሁን ሸንቶ ሳያለቅስ ተኛ። ለአማቴም የነርሷን መልስ አነበብኩላቸው። ቅቤውን አምጥተው እኔን አናቴን ቀቡኝ።