ሞንቴሶሪ ነን ከሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እውነተኛውን በምን ልለይ?

የሦስት ዓመቷ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ልጄ መስከረም ላይ 3 ዓመት ይሞላታል። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ለቤታችን የሚቀርቡት ሦስት መዋዕለ ሕፃናት ሁሉም ሰሌዳቸው ላይ «ሞንቴሶሪ» (ልጁ ሥራውን ራሱ መርጦ በተዘጋጀ ዕቃ የሚማርበት ዘዴ) ብለው ጽፈዋል፤ ውስጣቸው ግን አይመሳሰልም።

ሀ) ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ ብሎ በዕድሜ ይለያል። «የሞንቴሶሪ ክፍል» የሚሉት ለብቻው አለ፤ ልጆቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ይገቡበታል።

ለ) ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉትን አንድ ላይ ያደርጋል። 28 ልጆች፣ አንድ መምህርትና አንዲት ረዳት። ብዛቱ አስፈራኝ።

ሐ) 12 ልጆች ብቻ፣ ሁሉም የ3 ዓመት። ዕቃው አዲስና የሚያምር ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል።

ስጎበኝ ምን ልይ? ምን ልጠይቅ? የአማርኛ ፊደልስ በዚህ ዘዴ ይሆናል? 1ኛ ክፍል ስትገባስ አትቸገርም?

መምህርት፣ ከ3–6

እህቴ፣ በሰሌዳው አትመሪ። ስሙ በሕግ የተያዘ ስላልሆነ የፈለገ ይለጥፈዋል። መጠየቅ ያለብሽ ስለ መምህርቷ ሥልጠና ነው፦ የት ሠለጠነች፣ ለስንት ጊዜ፣ ለየትኛው ዕድሜ? በሰፊው የሚታወቁት አሠልጣኞች የዘዴው መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ ራሷ በ1929 እ.ኤ.አ. ከልጇ ከማሪዮ ጋር የመሠረተችው ኤኤምአይ (ዓለም አቀፉ የሞንቴሶሪ ማኅበር) እና በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኤኤምኤስ (የአሜሪካ ሞንቴሶሪ ማኅበር) ናቸው። ዲፕሎማው በዕድሜ የተከፈለ ነው፤ ለ0–3 ብቻ የሠለጠነች መምህርት የ3–6ን ዕቃ አልተማረችም። የሁለት ቀን ዎርክሾፕ ሰርተፊኬት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ግድግዳው ላይ ያለው ዲፕሎማ የማን ነው? የባለቤቷ ወይም የርእሰ መምህሯ ሆኖ፣ ክፍል የምትውለው ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች።

«ሀ»ን ተዪው። ዘዴው የሚሠራው ልጁ ራሱ መርጦ፣ ሠርቶ፣ ወደ መደርደሪያው መልሶ፣ ሌላ ለመምረጥ ሳይቋረጥ 3 ሰዓት ያህል ሲያገኝ ነው። በ40 ደቂቃ ምንጣፉን ዘርግቶ ልቡ ሥራው ላይ ሲያርፍ ደወሉ ይደወላል።

የ«ለ» ብዛት አያስፈራሽ፤ ሆን ተብሎ ነው። መምህርቷ አዲስ ሥራ የምታሳየው በአብዛኛው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላውን የ3 ዓመቷ ከ5 ዓመቱ አይታ ትወስዳለች። 12 እኩዮች ባሉበት ግን የሚያዩት ታላቅ ስለሌለ ዓይን ሁሉ መምህርቷ ላይ ያርፋል፤ እሷም ሳትወድ ወደ ተለመደው ማስተማር ትመለሳለች። «ሐ» አዲስ የተከፈተ ከሆነ ግን ልፈርድበት አልቸኩልም። በ3 ዓመት ልጆች ጀምሮ በየዓመቱ አዳዲስ ታናናሾችን መጨመር ትክክለኛ አጀማመር ነው። «የዛሬ ዓመት እነዚህ ልጆች የት ይሆናሉ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «እዚሁ ክፍል፣ ከአዲሶቹ ጋር» ካልሆነ በዕድሜ ሊከፍሏቸው ነው።

ጉብኝቱን ልጆች በሌሉበት ቅዳሜ አታድርጊው። የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ጥግ ላይ ወንበር ይዘሽ ዝም ብለሽ ተመልከቺ። 4 ሰዓት ገደማ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ልጆቹ ያለ ሥራ ይዞራሉ። «የውሸት ድካም» ይባላል። ጥሩ መምህርት ታሳልፈዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ የቀኑን ከባድ ሥራ የሚያነሡት ያኔ ነው። የምትደነግጠዋ ሁሉንም ሰብስባ መዝሙር ታስጀምርና ትቆርጠዋለች። ብዙ ወላጅም በዚያች ደቂቃ ገብቶ «ሥርዓት የለውም» ብሎ ይወጣል።

ሌላው ደግሞ፣ እነዚህ ከበዙ ጥሩ ምልክት አይደሉም፦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መምህርቷ ለክፍሉ በሙሉ ስንት ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች? አንዲት ልጅ ዕቃ አዛብታ ስትደረድር ወዲያው እጇን ሰደደች? ስቲከር፣ ኮከብ፣ ጭብጨባ አለ?

የትምህርት መርጃ አናጺ

መምህርት የተናገረችው ልክ ነው፤ ዕቃውም ግን ብዙ ይናገራል፣ ማየት ያለብዎት ማማሩን ሳይሆን ልኩን ነው። ፒንክ ታወር (ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደራረበው ሮዝ ግንብ) 10 ኩብ ነው፤ ከ1 ሳ.ሜ. እስከ 10 ሳ.ሜ.፣ በ1 ሳ.ሜ. ልዩነት፣ ሁሉም አንድ ቀለም። በየቀለሙ ከተቀባ ልጁ መጠኑን ትቶ ቀለሙን ይከተላል፤ መጫወቻ ሆነ ማለት ነው። ትንሿን የ1 ሳ.ሜ. ኩብ ይፈልጉ። ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት፤ ከሌለች ዕቃውን የሚከታተል ሰው የለም።

ሲሊንደሮቹ የሚገቡባቸው ባለ ቀዳዳ እንጨቶች 4 ናቸው፣ እያንዳንዱ 10 ሲሊንደር። እዚህ ላይ ነው የአገር ውስጥ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ፣ በኋላ ይኮማተራል ወይም ይጣመማል፤ ሲሊንደሩ በማይገባው ቀዳዳ ይገባል ወይም በራሱ ቀዳዳ ይጣበቃል። ልጁ ስህተቱን ራሱ የሚያየው መጨረሻ ላይ አንድ ሲሊንደር ያለ ቦታ ሲቀር ነው፤ ልኩ ከጠፋ መምህርት ሳትነግረው አያውቅም። ሁለት ሦስቱን አውጥተው በአጠገቡ ቀዳዳ ይሞክሩ። ቀለሙ ሊድ (መርዛማ ብረት) የሌለው መሆኑንም ይጠይቁ።

ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ብቻ ቢያዩ የገንዘብ እጥረት አይምሰልዎት። ተራ መጠበቅን የሚያስተምረው እሱ ነው። አምስት ፒንክ ታወር የተደረደረበት ክፍል ነው የሚያጠራጥረኝ።

የኑሮ ሥራ መደርደሪያው ደግሞ ከውጭ የመጣ መሆን የለበትም። ሽንብራ በማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን፣ ከትንሽ ጆግ ውኃ መቅዳት፣ ሲኒ ማጠብ፣ ነጠላ ማጠፍ፣ ቁልፍ መቆለፍ፦ ይህ በቂ ነው። ብርጭቆው የእውነት ብርጭቆ ይሁን፤ ፕላስቲክ ሲወድቅ ስለማይሰበር ልጁ እጁን አይጠብቅም።

የሦስት ዓመቷ እናት

እናመሰግናለን። አማርኛውንስ? «ለ» ያሳዩኝ የብርጭቆ ወረቀት ፊደል (ልጁ በጣቱ የሚዳስሰው ሸካራ ፊደል) የእንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ፊደል አስተማሪ

የእንግሊዝኛው ብቻ ከሆነ ግማሽ ጎደሎ ነው፤ ቤት የምትናገረው አማርኛ ከሆነ መጀመር ያለባትም በእሱ ነው። ዘዴው ለፊደላችን እንዲያውም ይቀላል። በእንግሊዝኛ መምህርቷ «ቢ» ትታ «ብ» ማለትን መልመድ አለባት፤ በእኛ የፊደሉ ስምና ድምፁ አንድ ነው። አስቸጋሪው ብዛቱ ነው፦ 33 በ7፣ 231።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶች የሚሳሳቱት የገበታውን ቅደም ተከተል ይዘው ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ በዜማ ማስወረድ ብቻ ላይ ሲቆሙ ነው። ልጁ ረድፉን ይሸመድዳል፤ «ሚ»ን ለብቻዋ ስታሳየው ግን ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። የተሻለው ግዕዝንና ሳድስን አስቀድሞ መስጠት ነው። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ በግ፣ በር፣ ወፍ፣ ድንች፣ ጥርስ፣ ደብተር ይጻፋል። ከዚያ ካዕብና ሣልስ ይቀጥላሉ፤ እንደ ሩ እና ፉ ያሉት አፈንጋጮች ለብቻቸው ይሰጣሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአንድ ሳምንት መስጠት ግራ ያጋባል፤ አንዱ ይበቃል፣ ሌላው ማንበብ ሲጀምር ይመጣል።

ስትጎበኚ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ልጁ ፊደሉን በሁለት ጣቱ በአጻጻፉ አቅጣጫ ይዳስሳል? ቃል የሚገጥምበት የተቆራረጠ ፊደል ሳጥን በአማርኛ አለ? ከሌለ በወፍራም ካርቶን ማዘጋጀት ይቻላል፤ «ለ» ፈቃደኛ ከሆነ ጉድለቱ የሚታረም ነው።

ከዲሲ

ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ፦ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት የሞላው ልጅ በሕዝብና በቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ራሳቸውን ችለው በሚተዳደሩ) ትምህርት ቤቶች በነፃ መግባት ይችላል፤ ከነሱም መካከል ሞንቴሶሪ የሆኑ አሉ። ማመልከቻው በ«ማይ ስኩል ዲሲ» ዕጣ ነው፤ እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫ ቅደም ተከተል ይሞላል፣ ለትናንሾቹ ጊዜው ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። የምትፈልጉትን በእውነተኛው ቅደም ተከተል ሙሉ፤ «እዚያ አይደርሰኝም» ብሎ ወደ ታች ማውረድ ዕድል አይጨምርም። ከከተማዋ ውጪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ግን ይህ አይመለከተውም።

መምህርት፣ ከ3–6

1ኛ ክፍልን በተመለከተ፦ ትልቁ ስህተት ልጁን በ5 ዓመቱ አውጥቶ «እዚያ ቀድሞ ይልመድ» ብሎ ወደ ሌላ ኬጂ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ዓመት ፍሬው የሚለቀምበት ነው። ሁለት ዓመት በእጁ የዳሰሰው ፊደል ወደ ንባብ፣ የወርቃማው ዶቃ (የመቁጠሪያ ዕቃ) 1፣ 10፣ 100፣ 1000 ወደ መደመርና መቀነስ የሚለወጠው ያኔ ነው። ስትመዘግቢ ለሦስት ዓመት አስቢ፣ ክፍያውንም በዚያው አስይ፤ መመዝገቢያ፣ ምሳ፣ ሰርቪስና የመርጃ ክፍያ ለየብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ በጽሑፍ ይስጡሽ።

በፖሊሲው 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶች ቀደም አድርገው ሊቀበሉ ይችላሉ። ስለዚህ ክፍሉ 6 ዓመት ያለፋትን እስከ ስንት ዕድሜ እንደሚያቆይ ጠይቂ። ወደ ተለመደው ክፍል ሲሻገሩ የሚያስቸግራቸው ዕውቀቱ አይደለም፤ ከሰሌዳ መገልበጥ፣ በመስመር መካከል በትንሹ መጻፍና ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ክረምቱን በቀን 15 ደቂቃ መለማመድ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃል፤ ሦስተኛውን አስቀድመሽ ንገሪያት።

ከሦስቱ እኔ ብሆን «ለ»ን ነው የማየው፣ በሥራ ቀን፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ። እንዳታዪ ከከለከሉሽ «ሐ»ን ሞክሪ።