ለባለሀብቱ የተቀነሰው ግብር በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

የካንሳሷ፦ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የተጀመረውን ክርክር እዚህ ልቀጥለው። አንድ ወንድማችን «እኛ በእምነታችንም በሥራ ወዳድነታችንም ወግ አጥባቂዎች ነን፤ ድምፃችን የሚገባው ለሪፐብሊካኖች ነው፤ ግብር ሲቀነስ ባለሀብቱ ሰው ይቀጥራል፣ ለሁላችንም ይተርፋል» አለ። ስለ እምነቱ አልከራከረውም። ስለ ግብሩ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ይህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ሲሞከር እዚያው ዊቺታ ከተማ ውስጥ ነበርኩ። የአሜሪካን ነገር ስጽፍ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2012 የካንሳስ አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ የፈረሙት ሕግ ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ6.45 በመቶ ወደ 4.9 አወረደው። ከዚያ የባሰው ሌላው አንቀጽ ነበር፤ ትርፋቸው በባለቤቱ የግል ገቢ ላይ የሚታሰብ የንግድ ድርጅቶች ከግዛቲቱ የገቢ ግብር ጨርሰው ነፃ ወጡ። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛዋ ከደመወዟ ትከፍላለች፣ የጽዳት ድርጅቱ ባለቤት ግን ከትርፉ አይከፍልም። አገረ ገዥው ራሳቸው ነገሩን ሙከራ ብለው ነው የጠሩት።

በ2014 የበጀት ዓመት የግዛቲቱ ገቢ በ700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደቀ። ለመንገድ ከተቀመጠው ገንዘብ ተወስዶ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ የብድር ደረጃው ወረደ። በ2015 አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ ስላለቀባቸው ዓመቱ ሳያልቅ በራቸውን ዘጉ። ያን ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ሰዓታችን ተቀነሰ፤ ምሳ ከእኛ በቀር የማያገኙ ልጆች እንዳሉ የምናውቀው እኛ ነበርን፣ የትኞቹ እንደሆኑም በስም እናውቃቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የግዛቲቱ የሽያጭ ታክስ ከ6.15 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አለ፤ ካንሳስ ውስጥ ደግሞ ያን ጊዜ ይህ ታክስ ዳቦና ወተትንም ይነካ ነበር። መቶ ዶላር አስቤዛ ስገዛ 6 ዶላር ከ50 ለግዛቲቱ እከፍል ነበር፤ የከተማው ድርሻ ሳይቆጠር ማለት ነው። ለድሆች የምግብ ታክስ ይመለስ የነበረበትንም አሠራር ያው የ2012 ሕግ ሰርዞት ነበር። በዓመቱ ሲመልሱት የገቢ ግብር ዕዳ ለሌለበት ሰው እንዳይደርስ አድርገው ነው፤ ከሁሉ ድሃ የሆነው ሰው ደግሞ ያ ዕዳ የለበትም።

ግብሩ ጠፋ አትበሉኝ። ከባለ ድርጅቱ ቅጽ ተነሥቶ በእኔ የዳቦ ደረሰኝ ላይ ነው ያረፈው።

ባለ ሱቁ፦ ልጄ፣ የደረሰብሽን አልክድም። እኔ ግን ግብርንና መንግሥትን የማየው በሌላ ዓይን ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱን የሚያከራየው እኛን ለማስተማር ነበር። «ለሰፊው ሕዝብ» ተብሎ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድሰው ጠፋ፤ አባቴ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ «ከባለሀብቱ ወስደን ለድሃው እንስጥ» የሚል ፖለቲከኛ በሰማሁ ቁጥር የማየው ያንን ጣሪያ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ጠዋት በ12 ሰዓት ከፍቼ ሌሊት በ4 እዘጋለሁ። የራሴ ቀጣሪ ስለሆንኩ የማኅበራዊ ዋስትናውንና የሜዲኬሩን (የአረጋውያን ጤና መድኑን) መዋጮ በሁለቱም ወገን እኔ ነኝ የምከፍለው፤ ከትርፌ 15.3 በመቶ ይሆናል፣ የገቢ ግብሩ ገና ሳይመጣ። የ2017ቱ የሪፐብሊካኖች ሕግ ለባልና ሚስት ከግብር ነፃ የሆነውን መነሻ ከ12,700 ወደ 24,000 ዶላር አሳደገልን፤ የልጅ ድጎማውን ከ1,000 ወደ 2,000 እጥፍ አደረገው። ይህ ለሚሊየነር ብቻ ነው? ወገኖቻችንስ ከካሊፎርኒያ ወደ ዳላስ የሚጓዙት ለምንድን ነው? ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም፤ ሰው ደግሞ በእግሩ ድምፁን ይሰጣል።

ሹፌሩ፦ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ በከፊል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የወጣው ሕግ ከጉርሻ ገቢ እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ አድርጎልኛል። ይህ በእጄ የገባ ነገር ነው። ግን ያው ሕግ ከጥር 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ጣለ። በባንክ ሒሳብና በአሜሪካ ባንክ ካርድ የሚልክ አይከፍልም። ታዲያ በጥሬ ገንዘብ የሚልከው ማን ነው? ገና የመጣው፣ ሒሳብ ያልከፈተው፣ ወረቀቱ ያላለቀለት። ለእናቱ 300 ዶላር ሲልክ 3 ዶላር ነው፤ ብዙ አይደለም። ያመመኝ ሸክሙ የት እንዳረፈ ነው።

የሂሳብ ባለሙያው፦ ሥራዬ የግብር ቅጽ መሙላት ስለሆነ ጥቂት ነገር ላስተካክል። በመጀመሪያ ለእህታችን፦ በ2014 እና 2015 የነዳጅና የእህል ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ካንሳስ ከሁለቱም ትኖራለች። ችግሩን ሁሉ በግብር ቅነሳው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ፍርዱን የሰጡት ዴሞክራቶች ብቻ አለመሆናቸውን ማስታወስ አለብን። በሰኔ 2017 በሁለቱም ምክር ቤቶች ሰፊ የሪፐብሊካን አብላጫ የነበረበት የካንሳስ ሸንጎ ቅነሳውን ሻረ። አገረ ገዥው ውድቅ ሲያደርጉት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቬቷቸውን ሽሮ አጸደቀው። የራሳቸው ሰዎችም ናቸው «በቃ» ያሉት።

ለጋሼ ደግሞ፦ የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ አብሮ የተቀነሰልዎትን ግን አልነገሩንም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ይቀነስ የነበረው 4,050 ዶላር በዚያው ሕግ ቀርቷል። ልጆች የበዙበት ቤት በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው መልሷል። ሌላም አለ። በዚያ ሕግ የኩባንያዎች ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ሲወርድ ቋሚ ተደርጎ ነው፤ የእኛ የግለሰቦቹ አብዛኛው ቅነሳ ግን በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ ተደርጎ ነበር የተጻፈው። የ2025ቱ ሕግ የኛንም አብዛኛውን ቋሚ አደረገው፤ የወንድማችን የሹፌሩ የጉርሻ ቅናሽ ግን እስከ 2028 ብቻ ነው። ሕግ አውጪ ለማን እንደሚያስብ ለማወቅ የማብቂያ ቀኑን አያለሁ፤ የዓመታት ልምዴ ያስተማረኝ ይህን ነው። በ2017 የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪዎች የአንድ ቤተሰብ አማካይ ገቢ ቢያንስ በ4,000 ዶላር ያድጋል ብለው ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች ያገኙት ጭማሪ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ነርሷ፦ ስለ ወጪው በኩል ማንም አላነሣም። ግብር ሲቀነስ አንድ ነገር አብሮ ይቆረጣል፤ እኔ የምሠራው የተቆረጠው ነገር በሚደርስበት ቦታ ነው።

ያለሁት አትላንታ ነው። ግዛታችን ጆርጂያ የ2010ሩ የጤና ሕግ ያመጣውን የሜዲኬይድ (ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ማስፋፊያ እስካሁን አልተቀበለችም። በምትኩ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ወይም መማሩን ማረጋገጥ ለሚችል ድሃ ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቋመች። በመጀመሪያው ዓመት የገባው ሰው ከ5,000 በታች ነበር። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ሆቴል የምታጸዳ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ አንድ ሳምንት 35 ሰዓት ይሰጧታል፣ በሚቀጥለው 12። ደብዳቤ ጻፉልኝ ብትላቸው ነገ ይሏታል። ስኳሯ ከፍ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ እግሯ ቆስሎ ነበር፤ ቀድማ ሐኪም ብታይ በርካሽ ክኒን የሚያዝ ነገር ነው።

አርካንሳስ በ2018 ይህንኑ ስትሞክር በጥቂት ወራት ውስጥ 18,000 ሰው ሜዲኬይዱን አጣ፤ ፍርድ ቤት እስኪያስቆመው ድረስ። የሥራ ስምሪትም አልጨመረም። አሁን የ2025ቱ ሕግ ይህንን የ80 ሰዓት ግዴታ ማስፋፊያውን በተቀበሉ ግዛቶች ሁሉ ሊያመጣው ነው፤ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ። ያው ሕግ ጥገኝነት የተፈቀደላቸውንና ስደተኞችን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ከመንግሥት የምግብ ድጋፍ፣ አስወጥቷል። ከጎንደርና ከትግራይ፣ ከወለጋም ሸሽተው መጥተው ጉዳያቸው ተመርምሮ «እውነት ነው» የተባለላቸው ሰዎች ናቸው። ሸሽቶ የመጣን ሰው ለምን በረሃብ እንደምናስተናግድ የሚያስረዳኝ ወግ አጥባቂ ካለ አዳምጣለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው።

ባለ ሱቁ፦ የስደተኞቹን ልከላከል አልችልም። ስህተት ነው። ነገር ግን ጤነኛ የሆነ፣ ልጅ የሌለው የ30 ዓመት ሰው በወር 80 ሰዓት ይሥራ ማለት ምን ግፍ አለው? እኔ 80 ሰዓት በሳምንት ነው የምሠራው። ዕድራችንም ቢሆን መዋጮ ያልከፈለን ይሰርዛል።

የካንሳሷ፦ ጋሼ፣ ስለ አባትዎ ቤት ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእኛም ቤተሰብ ከዚያ ዘመን ያልዳነ ቁስል አለው። ግን ደርግ አባትዎን ግብር አላስከፈላቸውም፤ ያለ ምክር ቤት፣ ያለ ፍርድ ቤት ንብረታቸውን ነው የቀማቸው። ካንሳስ ውስጥ ሕዝብ በመረጣቸው ሰዎች ቅነሳውን አመጣ፣ ጉዳቱን አየ፣ በመረጣቸው ሰዎች መልሶ ሻረው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አባትዎ የደረሰባቸውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ዕድሩን ካነሡ ልመልስልዎ። ዕድራችን ያልከፈለን ከመሰረዙ በፊት ሰው ይልካል፤ ታሞ ነው? ሥራ አጥቶ ነው? ብሎ ይጠይቃል። ነርሷ የነገረችን ሴት ሠርታለች፤ የጎደላት ደብዳቤው ነው። ደግሞም ዕድር ለሀብታሙ መዋጮ ቀንሶ ጉድለቱን ከቀብር ማግስት በምስኪኑ ላይ ሲጨምር አላየሁም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሁሉም የድርሻውን ሲይዝ ነው፤ ሃያው ጠንካራ «እኔ ነፃ ነኝ» ብሎ ሲወጣ ሎሚው አይቀንስም።

ካሊፎርኒያን በሚመለከት ግን እውነትዎን ነው፤ በዚህ ከራሴ ወገን ጋር እጣላለሁ። ተራማጅ ነን የሚሉ ከተሞች በሰፈራቸው አፓርታማ እንዳይሠራ ለአሥርተ ዓመታት ሲከለክሉ ኖረው ኪራዩን ሰው የማይችለው አደረጉት። ወገኖቻችንን ወደ ዳላስ የወሰዳቸው በአብዛኛው የቤት ዋጋ ነው እንጂ የገቢ ግብሩ አይመስለኝም፤ ቴክሳስም ጉድለቷን በቤት ግብርና እስከ 8.25 በመቶ በሚደርስ የሽያጭ ታክስ ነው የምትሞላው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በ2021 የልጅ ድጎማው ወደ 3,000 ዶላር፣ ከ6 ዓመት በታች ለሆኑት ወደ 3,600 ሲያድግ፣ ምንም ገቢ ለሌለው ቤትም ሲሰጥ፣ ድጎማዎችን በሚቆጥረው መለኪያ የሕፃናት ድህነት 5.2 በመቶ ደረሰ። በ2022 ሲቀር ወደ 12.4 ተመለሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ! ድህነት የሰነፍ ወላጅ ውጤት ቢሆን ኖሮ ወላጆቹ በአንድ ዓመት ተግተው በሚቀጥለው ሰነፉ ልንል ነው?

የሂሳብ ባለሙያው፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። ሪፐብሊካኖች በሙሉ ሕጉን ተቃውመዋል፤ እንዳይቀጥል ግን ከዴሞክራቶችም ያን ጊዜ የዌስት ቨርጂኒያ ሴናተር የነበሩት ጆ ማንቺን እምቢ ማለታቸው መጻፍ አለበት።

ባለ ሱቁ፦ እኔ ድምፄን ዛሬ አልቀይርም፤ ስለ ሱቄ ያልኩትን አሁንም እላለሁ። የካንሳስን የዳቦ ታክስ ግን አላውቅም ነበር። እስካሁን አለ?

የካንሳሷ፦ የለም፤ ጋሼ። የግዛቲቱ ድርሻ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ጥር 1 ቀን 2025 ዜሮ ሆነ። እኔ ከዊቺታ ከወጣሁ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።